ዜማው ተጓዘ፥ ወርቁ ቀረ፤ ስለ አዲስ አበባ ሸክላዎችና ስለ «ዲስታንት ሬላቲቭስ» አልበም የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

የቀድሞ ነገሥታት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሲነገር የሰማነው ነው። ልብ ብለን ብንመለከተው ጥያቄው እረኛው ዋሽንቱን እንዴት ነፋ የሚል አይደለም፤ ምን አለ የሚል ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻም ይኸው የጥንት ጥያቄ ነው።

ጸሐፊው ያደገው በልደታ ሰፈር ነው። ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከኮንዶሚኒየሙ ደጃፍ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን፥ ናስ የተባለው አሜሪካዊ የራፕ ባለሙያና የቦብ ማርሌ ልጅ ዴሚየን ማርሌ በ2010 እ.ኤ.አ. በጋራ ያወጡትን «ዲስታንት ሬላቲቭስ» (የሩቅ ዘመዳሞች እንደ ማለት ነው) የተባለውን አልበም በስልክ እናዳምጥ ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን ገና እንደ ተጀመረ፥ በአጠገባችን ቡና ያፈሉ የነበሩ እናታችንን የሚያህሉ ጎረቤታችን ቀና ብለው «ይህማ የሙላቱ ነው» አሉ። ጥቂት ካዳመጡ በኋላም «ልጆቼ፥ ለመሆኑ ምንድን ነው የሚሉት?» ብለው ጠየቁ። የምችለውን ያህል ተረጎምሁላቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ደግ ብለዋል። የእኛዎቹስ በዚያን ጊዜ ያሉትን ለእነሱ ማን ነገራቸው?» አሉኝ።

ለጥያቄው መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ መልሱን ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ሂፕ ሆፕ ከፈንክ ሙዚቃ እንዴት እንደ ተወለደ፥ ቀጥሎ በአዲስ አበባ ሸክላ ይታተም በነበረበት ዘመን የዘፈን ቃል ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበር፥ በመጨረሻም ሸክላዎቹ ወደ ውጭ አገር በወጡ ጊዜ ምን አብሮ እንደ ሄደና ምን እንደ ቀረ በቅደም ተከተል እንመለከታለን። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ. ሂፕ ሆፕ ከፈንክ ስለ መወለዱ

ፈንክ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ዋና አባቱ ጄምስ ብራውን ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኮልድ ስዌት» በተባለው ዘፈን ዜማውን ወደ ኋላ አድርጎ ምቱን ወደ ፊት አመጣው። ድራሙ፥ ቤዝ ጊታሩና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሁሉ እንደ ከበሮ መቱ ለማለት ይቻላል። በዓመቱ ደግሞ፥ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት በ1968 እ.ኤ.አ.፥ ጥቁር መሆን የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አለመሆኑን በአደባባይ የሚናገር ዘፈን አወጣ። ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እናገኛለን፤ አንዱ የማያቋርጥ ምት፥ ሌላው ፊት ለፊት የሚነገር ቃል ነው።

ሂፕ ሆፕ የተሠራው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. (ኦገስት 11 ቀን 1973 እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ በተባለው የድሆች ሰፈር፥ ከጃማይካ የመጣ ኩል ሃርክ የተባለ ወጣት በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ለእኅቱ ግብዣ ሸክላ ያጫውት ነበር። ወጣቱ የፈንክ ሸክላዎችን ሲያጫውት፥ ጨፋሪው የሚወደው ዘፋኙ ዝም ብሎ ድራሙ ብቻውን የሚመታበትን አጭር ቦታ መሆኑን ተመለከተ። በዚህም ምክንያት ሁለት ማጫወቻዎችን ጎን ለጎን እያደረገ ያንኑ ቦታ እየደጋገመ አስረዘመው። በዚያ በረዘመው ምት ላይ ሰዎች በግጥም መናገር ጀመሩ። በ1982 እ.ኤ.አ. ግራንድማስተር ፍላሽና ጓደኞቹ «ዘ ሜሴጅ» የተባለውን ዘፈን ሲያወጡ፥ ይህ የግብዣ ጨዋታ የድሃውን ሰፈር ኑሮ መናገሪያ ለመሆን በቃ።

ከዚህ የምንረዳው፥ ሂፕ ሆፕ ከመጀመሪያው ድምፁን ከሌላ ሰው ሸክላ ወስዶ ቃሉን ከራሱ የሚያመጣ ጥበብ መሆኑን ነው። የሌላውን ዜማ መዋስ ነውሩ ሳይሆን መሠረቱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ስለ ስርቆት የሚቀርብ ክስ እንዳይመስል አንባቢውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ለ. የሸክላ ዘመን በአዲስ አበባ

በእኛ አገር ዘመናዊው ሙዚቃ ያደገው በመንግሥት ጥላ ሥር ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው «አርባ ልጆች» ከተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጀምሮ፥ የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ሙዚቀኞቹን አስተምረው፥ ደሞዝ ከፍለውና መለዮ አልብሰው አሳድገዋቸዋል። ጥላሁን ገሠሠ ከክብር ዘበኛ፥ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፋኞች መካከል ነበሩ። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብትም ከ1940 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር።

ይህን የሰበረው አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ነው። በ1961 ዓ.ም. ገደማ (1969 እ.ኤ.አ.) የተከለከለውን ነገር ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጾ ሕንድ አገር ልኮ አሳተመ። የአምሃ ሪከርድስ የመጀመሪያው ሸክላ ይህ ነበር። ክስ ይመሠረትበታል ተብሎ ቢፈራም ሥራው ቀጠለ፤ በስድስት ዓመት ውስጥም ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ትልልቅ አልበሞች አወጣ። ሌሎችም፥ ለምሳሌ ዓሊ አብደላ ካይፋ፥ ተከተሉት። ሙላቱ አስታጥቄም በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ «ኢትዮ ጃዝ» ብሎ የሰየመውን ሙዚቃ ያሰማው በዚሁ በአምሃ ሸክላዎች ላይ ነው።

በእነዚያ ሸክላዎች ላይ የፈንክን ምት መስማት አያስቸግርም። በአሥመራ ቃኘው የጦር ሰፈር የነበረው የአሜሪካኖች ራዲዮ፥ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ አስተማሪዎች፥ ሲኒማና ከውጭ የሚገቡ ሸክላዎች የጄምስ ብራውንን ድምፅ ለከተማው ወጣት አድርሰውት ነበር። ዓለማየሁ እሸቴም «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» የሚል ስም ወጣለት። ነገር ግን ምቱ ከአሜሪካ ቢመጣ ቅኝቱ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ ነበር፤ ቃሉም አማርኛ ነበር። ጸሐፊው በተማረበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት በየማለዳው እንዘምር የነበረው መዝሙር ዜማው ከባሕር ማዶ የመጣ፥ ቃሉ ግን የእኛ ነበር፤ ስንዘምረውም የውጭ አገር ነገር አይመስለንም ነበር። በሸክላውም የሆነው እንደዚሁ ነው። አንድን ዜማ የአገር የሚያደርገው በላዩ የሚጫነው ቃልና ያንን ቃል የሚሰማው ሰው ነው።

ሐ. ቃሉ ይሠራው ስለ ነበረው ሥራ

በአገራችን የዘፈን ቃል ሥልጣንን የሚያስፈራ መሆኑ በታሪክ የተመሰከረ ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የፋሺስቱ አስተዳደር እንዲጠፉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና ባለራእዮች ብቻ ሳይሆኑ እየዞሩ የሚዘፍኑ አዝማሪዎችም ነበሩ። አንድ የጦር አዛዥ ማሲንቆ የያዘን ሰው እንደ ባለ ጠመንጃ የሚቈጥረው በማሲንቆው ምክንያት አይደለም፤ በአፉ ምክንያት ነው።

ከነፃነት በኋላም የመንግሥት ሳንሱር ነበረ። ስለዚህ ዘፋኙና ገጣሚው የጥንቱን መሣሪያ፥ ሰምና ወርቅን፥ ይዘው ወደ ሸክላው ገቡ። በሰሙ ስለ ፍቅረኛ ይዘፈናል፤ በወርቁ ግን ፍቅረኛይቱ አገር፥ መለየቱ እስራት፥ ናፍቆቱም የፍትሕ ናፍቆት ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ ያህል የጥላሁን ገሠሠን «አልቻልኩም» የተባለ ዘፈን እንውሰድ። ሰሙ የፍቅር ብሶት ነው። የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ያደረጉት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ግን፥ ዘፋኙም ከክብር ዘበኛ በመሆኑ ከታሰሩት አንዱ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ ዘፈኑን በሌላ ጆሮ ይሰማው ጀመር። ከወሎ ረኀብ ጋር ስሙ የሚነሣው «ዋይ ዋይ ሲሉ» የተባለው ዘፈኑ ደግሞ ሰሙ በጣም ስስ ነው፤ ረኀቡ በተሸሸገበት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የነበረ ሰው ሲሰማው አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ከዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የታሪክ ተማሪ «ይህ ዘፈን ፖለቲካ ነበር» ሲባል ወዲያው ሊቀበል አይገባውም። ብዙ ጊዜ ወርቁን የምናገኘው ነገሩ ከሆነ በኋላ ወደ ኋላ ተመልክተን ነው። «አልቻልኩም» ሲደረስ ደራሲው ከፍቅር በቀር ሌላ አላሰበ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ጥርጣሬ ጉዳዩን አያቃልለውም፤ እንዲያውም ያከብደዋል። ምክንያቱም ወርቁ በገጣሚው ልብ ብቻ ሳይሆን በአድማጩ ጆሮ ውስጥም የሚቀለጥ ከሆነ፥ ማስረጃው በሸክላው ላይ የለም፤ የግጥሙን ቃል በወረቀት ላይ ብንገለብጥም አናገኘውም። ማስረጃው ያለው በዚያን ዓመት፥ በዚያን ሰፈር ዘፈኑን በሰማው ሰው ዘንድ ነው።

ወርቁን ለብቻው አውጥቶ ለመናገር የሞከረ ምን እንደሚደርስበት የአያሌው መስፍን ታሪክ ያስረዳል። አያሌው ጥቁር አንበሳ የተባለ የራሱ ባንድ የነበረው፥ ከአዲስ አበባ ፈንክ ዘፋኞች ሁሉ ምቱ እጅግ የጠነከረ ሰው ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የተቃውሞ ዘፈኖችን በካሴት ቀድቶ በስውር በማደሉ ታሰረ፤ ከተፈታም በኋላ መንግሥቱ እስኪወድቅ ድረስ በሙዚቃ ሥራ እንዳይሠማራ ተከለከለ። የሰዓት እላፊ አዋጁ የሌሊት ቤቶችን ዘጋ። አምሃ እሸቴም በ1975 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሄደ። የሸክላው ዘመን በዚህ ሁኔታ አበቃ።

መ. ሸክላው ወደ ውጭ ስለ መውጣቱ

ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፥ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የእነዚህን ሸክላዎች ድምፅ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ቅጾች በፓሪስ አሳተመ። አራተኛው ቅጽ (1998 እ.ኤ.አ.) የሙላቱ አስታጥቄ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ የሙላቱን ሙዚቃዎች «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ ስላስገባቸው ዝናቸው ዓለምን ዞረ። በ2009 እ.ኤ.አ. ኦ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ ሙዚቃ አቀናባሪ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ የድሮ ዘፈኖች ቆራርጦ ሠራ።

«ዲስታንት ሬላቲቭስ» የወጣው በዓመቱ፥ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ነው። አልበሙ የሂፕ ሆፕንና የሬጌን ድምፅ ያዋሐደ፥ ቃሉ ስለ አፍሪካ ድህነት፥ ስለ ጦርነት፥ ስለ ትምህርትና ስለ ጥቁር ሕዝብ የአንድ ዘር መሆን የሚናገር ነው። ከገቢውም በአፍሪካ ለትምህርት ቤት ሥራ እንዲውል ታስቦ ነበር። ከሞቃዲሾ በልጅነቱ የተሰደደው የሶማሌው ባለቅኔ ኬናን በሁለት ዘፈኖች ተሳትፎበታል፤ የመጨረሻው ዘፈን አፍሪካ እንድትነቃ የሚጠራ ነው። የመክፈቻው ዘፈን «አዝ ዊ ኤንተር» ግን የቆመው በሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። የአዲስ አበባው ፈንክ፥ የብሮንክሱ ጥበብና የጃማይካው ድምፅ በአንድ ቤት ሲገናኙ፥ የአልበሙን ስም እውነተኛ ያደረገው ከሁሉ ይልቅ ይህ ዘፈን ይመስለኛል።

ሆኖም ልብ ማለት ይገባናል። «የግሌ ትዝታ» ቃል የሌለው፥ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወት ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ናስና ማርሌ ቃላችንን ጣሉት ለማለት አይቻልም፤ የሚጣል ቃል አላገኙም። የውጭው ጆሮ ከሸክላዎቻችን መካከል ይበልጥ የቀረበው ቃል ወደሌለው ወገን ነው፤ ይህም አያስወቅስም፥ ማንም ሰው የማያውቀውን ቋንቋ እንደ ዜማ ይሰማዋልና። ለልደታ ሰው ግን ትዝታ ሲባል ባዶ ዜማ አይደለም፤ መሣሪያው ብቻውን ሲጫወት አድማጩ የሚያውቀውን ስንኝ በልቡ ይሞላበታል። ጎረቤታችን «ይህማ የሙላቱ ነው» ሲሉ ዜማውን ብቻ አልሰሙም፤ በዜማው ውስጥ ዘመኑን ሰምተዋል። ወደ ውጭ ያልተጓዘው ይህ ነው።

ሠ. የተጓዘው ቃል

ይህን ያነበበ ሰው «አማርኛ ቃል ከቶ ወደ ውጭ ዘፈን አልተሻገረም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ተሻግሯል፤ ያውም በዚሁ በማርሌ ቤት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጉባኤ ላይ በአማርኛ ያደረጉት ስለ ዘር እኩልነትና ስለ አፍሪካ ሰላም የሚናገረው ንግግር፥ በ1976 እ.ኤ.አ. የዴሚየን አባት ቦብ ማርሌ «ዎር» በተባለው ዘፈኑ ውስጥ ቃሉን ብዙ ሳይለውጥ አስገባው። የአልበሙ ቃላት የሚመዘዙበት ምንጭ ሲፈለግ አንዱ ጅረት ወደዚህ ይወስዳል። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የማርሌ ቤተሰብ የቦብን ስድሳኛ የልደት ቀን በመስቀል አደባባይ ሲያከብር የተሰበሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብም ይህን ዝምድና የሚያውቅ ነበር።

ታዲያ የንጉሡ ቃል ሲሻገር የዘፋኙ ቃል ለምን ቀረ? ጸሐፊው እንደሚመስለው ምክንያቱ ግልጽ ነው። የንጉሡ ንግግር ሰም የለውም። ንጉሥ የሚፈራው ሳንሱር ስለሌለ ያሰበውን ፊት ለፊት ተናገረ፤ ፊት ለፊት የተነገረ ነገር ደግሞ ይተረጎማል። ዘፋኙ ግን ወርቁን በሰም ሸፍኖ ለማለፍ ተገደደ። ሰሙ ቢተረጎም ተራ የፍቅር ዘፈን ይሆናል፤ ወርቁ ለብቻው ቢተረጎም መግለጫ እንጂ ዘፈን አይሆንም። ዘፋኙን በአገሩ ከእስራት ያዳነው ጥበብ በውጭ አገር ድምፁን ብቻ አስቀረው።

ስለዚህ «ማኅበራዊ ንቃት ያለው አልበም» የሚባለውን ነገር በአንድ መለኪያ ብቻ ልንመዝነው አይገባም። ናስና ማርሌ ያሰቡትን በግልጽ መናገር በሚችሉበት አገር ሆነው በግልጽ ተናግረዋል፤ ይህም ክብር ይገባዋል። የእኛዎቹ የሸክላ ዘፋኞች ግማሹን ተናግረው ግማሹን ለአድማጩ ትተዋል። ሳንሱር ባለበት አገር አድማጭ ከደራሲው ጋር አብሮ ይደርሳል። ታዲያ ደራሲ ሲሞት ሥራው ይቀራል፤ አብሮ የደረሰው አድማጭ ሲሞት ግን የሥራው ግማሽ አብሮ ይቀበራል።

መደምደሚያ

ነገሩ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስለን ወደ ልደታ እንመለስ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሰፈሩ አሮጌ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ተሠርቷል። ቤቱ መሻሻሉን ማንም አይጠላም፤ ጸሐፊውም ከሚኖሩበት አንዱ ነው። ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ በአንድ የሸክላ ማጫወቻ ዙሪያ ይሰበሰቡ የነበሩት ጎረቤታሞች ወደ ከተማው ዳርቻ ተበትነዋል። ቤት ሲለቀቅ ሸክላው ለቆራሊዮ የተሸጠበትን ቤት እኔ ራሴ አይቻለሁ። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴም በአንድ ዓመት፥ በ2013 ዓ.ም.፥ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ድምፁን ሌሎች ጠብቀውልናል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ወርቁን ግን ሌላ ሰው ሊጠብቅልን አይችልም። ስለዚህ በዚህ መጽሔት አንባቢዎች ዘንድ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዳችን በዕረፍት ጊዜያችን በቤታችንና በሰፈራችን ካሉት አረጋውያን ዘንድ ሄደን፥ የአንድ ሸክላ ግጥም እናስጽፍ፤ ከግጥሙም ጋር «ይህን ሲሰሙ የት ነበሩ? በየትኛው ዓመት? ለእርስዎ ምን ማለት ነበር?» ብለን ጠይቀን መልሱን ከነቀኑ እንመዝግብ። መልሶቹ ሊጋጩ ይችላሉ፤ ይጋጩ። አንዱ ፍቅር ነው ሲል ሌላው አገር ናት ቢል፥ ግጭቱ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው።

ይህ ሥራ ለራሳችን ዘመን ዘፋኞችም ይጠቅማል። ቴዲ ዮ «ጉራጌቶን» ብሎ ራፕን ከጉራጌ ምት ጋር ካዋሐደ ወዲህ፥ በከተማችን በአማርኛ ራፕ የሚሉ ወጣቶች በርክተዋል፤ በሲያትል ያደገው ገብርኤል ቴዎድሮስን የመሰሉ በውጭ ያሉ የኢትዮጵያ ልጆችም በዚሁ ጥበብ ስለ ፍትሕ ይናገራሉ። ከአባቶቻቸው ሸክላ ምቱን ብቻ ቢወስዱ እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ወሰዱ ማለት ነው። ወርቁን ጨምረው ቢወስዱ ግን ከናስም ከማርሌም የበለጠ ይዘዋል፤ ዘመድነታቸው የሩቅ አይደለምና።

ጎረቤታችን የጠየቁኝን ጥያቄ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልመለስሁም። ባለፈው ሳምንት ግን ደብተሬን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄጄ፥ በዚያን ጊዜ የሰሙትን ዘፈን እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው። «ተቀመጥ፤ ቡናው እስኪፈላ አንዱን እነግርሃለሁ» አሉኝ። ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ የሞላሁት ገጽ አራት ደርሶ ነበር።